ያሳጠርኳት ወንበር

ባለፈው ሳምንት ለደም ግፊቴ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ ሄጄ፣ አንዲት ልጅ እግር ነርስ እጆቼን ደረቴ ላይ አጣምሬ ከወንበር አምስት ጊዜ እንድነሳ አዘዘችኝ። ስልኳን እንደ ሩጫ ዳኛ ይዛለች። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ወንበሩን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አሮጌ ወንበር እየገዛሁ፣ እያደስኩ የሸጥኩ ሰው ነኝ፤ ከፍታውን በዓይኔ ለካሁና አባቴ ትዝ አሉኝ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። አቃቂ በሰቃ ወንበርና ጠረጴዛ የማድስባት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። አባቴ የአንድ ዘይት መጭመቂያ ዘበኛ ነበሩ፤ የምንኖረውም በሩ ጎን ባለችው የድርጅቱ ክፍል ውስጥ፣ የኑግ ፋጉሎ እየሸተተን ነው። አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣና ሁለት ሽማግሌ ዘበኛ አይበዛም ወይ አለ። እግሩ የጠናው ይቀራል፣ ሌላው ይሰናበታል። አባቴ ከተሰናበቱ ክፍሏም አብራ ትሄዳለች። ሌላው ዘበኛ ጋሽ ደበሌ ናቸው፤ በዕድሜ አባቴን ይበልጣሉ፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል።

ሥራ አስኪያጁ እንዲፈትናቸው የጠራው ድሬሰር፣ የክሊኒክ ሐኪም ረዳት፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አምስት አምስት ጊዜ ሊያስነሳ ክንድ ማሳረፊያ የሌላቸው ሁለት ወንበሮች ፈለገ። ማንን ጠየቀ? የተፈታኙን ልጅ! ከዝቅተኛ ወንበር መነሳት ጉልበት ይጨርሳል፤ ከፍ ባለው ላይ ግን ተቀምጠህም ግማሽ ያህል ቆመሃል። ይህን ማንም ሳያስተምረኝ አውቃለሁ። ከአንዱ እግሮች ሥር ጣውላ ቸነከርኩ፣ የሌላውን ሁለት ጣት ያህል በመጋዝ ቆረጥኩ። የዘበኛ ቤቱ ወለል አባጣ ጎርባጣ አፈር ነው፤ ማን ይጠረጥራል?

ሐምሌ ነበር። ዋልካው ጫማ ከእግር ይነቅላል። ጠዋት ትኩስ አምባሻ በሻይ ባቀርብላቸው አባቴ አንድ ቁራሽ ቀምሰው ተዉት።

«በግራ በኩል ባለው ይቀመጡ» አልኳቸው። «ለማንም እንዳይለቁ።»

ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ።

ድሬሰሩ ሰዓቱን አውልቆ በመዳፉ ያዘ። አባቴ ወደ ግራው ወንበር ሄዱ፤ ልቤ ተመለሰ። ደርሰው ግን ቆሙና ወደ ጋሽ ደበሌ ዞሩ።

«ጋሼ፣ እዚህ ይቀመጡ።»

«ኧረ ተው ወርቁ፣ አንተ ተቀመጥ!» አሉ ጋሽ ደበሌ።

«ምን ሲደረግ! ታላቄ ከታች፣ እኔ ከላይ?»

«አባባ!» አልኩ።

«ሽማግሌዎች፣ ለጋብቻ ሽምግልና አልመጣችሁም» አለ ድሬሰሩ። «ተቀመጡ!»

ጋሽ ደበሌ ከፍ ያለው ላይ፣ አባቴ እኔ የቆረጥኩት ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ሆዳቸው ጋ ደረሰ። አንድ። ሁለት። ጋሽ ደበሌ እያቃሰቱም ይነሳሉ። ሦስት። የአባቴ አንገት ሥር ተገታተረ። አራተኛው ላይ ጭናቸው ሲንቀጠቀጥ ሱሪያቸው ላይ ይታያል። ልይዛቸው ስንደረደር ድሬሰሩ «አትንካቸው!» ብሎ ጮኸብኝ። ለአምስተኛው ከወንበሩ ስንዝር ያህል ብድግ አሉና ተመልሰው ወደቁ። ጋሽ ደበሌ ጨርሰው ቆመዋል።

ከሦስት ቀን በኋላ ዕቃችንን በጋሪ ጭነን ወጣን። ጋሽ ደበሌ በሩን ከፈቱልን፤ ዓይናችንን ግን አላዩም። መንገድ ላይ አላስችል ብሎኝ ተናዘዝኩ።

«ገና ስቀመጥ አውቄዋለሁ» አሉ አባቴ።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ምን ልበል? ልጄ ነው የቆረጠው ልበል?»

ከዚያ በኋላ ጉዳዩን አንስተውብኝ አያውቁም።

«አባባ፣ ይጀምሩ እንጂ!» አለችኝ ነርሷ፣ ስልኳን እንደያዘች።

«ይቺ ወንበር ለሁሉም ናት?»

«አዎ፣ ሁሉም የሚፈተነው በእሷ ነው።»

አምስቱንም ተነሳሁ፤ የመጨረሻው ግን የጭንቅ ነበር። እግሬ ደከም ማለቱን ነገረችኝና በየቀኑ ቤቴ እንዲሁ እንድለማመድ አዘዘችኝ። ለካስ የደከመ እግር ይለማመዳል! ለአባቴ ይህን የነገራቸው የለም፤ ፈተኗቸው፣ አሰናበቷቸው።

ያቺን አጭር ወንበር ድሬሰሩ ዘንድ ሄጄ መልሼ ወስጃት ነበር፤ እስከ ዛሬ ሱቄ ጥግ አለች። ገዢ ሲመጣ አጭር ናት ብሎ ይነቅፋታል፤ አትሸጥም እለዋለሁ። አሁን በየጠዋቱ እጄን አጣምሬ ከእሷ ላይ እነሳለሁ። እስካሁን ከአራት አላለፍኩም።