ለአንድ ወፍ ከጅቡቲ የመጣ ሸርጣን

በ1973 ዓ.ም. አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የፊደል ነገር ብዙም አይሆንልኝም፤ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ባለፈው ሳምንት ደቻቱ ወንዝ ዳር ካሜራ ያነገተ ልጅ ወፍ ሲያነሳ አገኘሁትና፣ «እዚችው ጋ የባህር ወፍ አይቻለሁ» ብለው፣ «አባባ፣ ባህር የት፣ ድሬዳዋ የት!» ብሎ ሳቀብኝ። አልፈረድኩበትም። እኔም በእሱ ዕድሜ እንዲሁ ስቄያለሁ።

ያኔ ከደቻቱ አሸዋ እየዛቅን መኪና ላይ እንጭን ነበር። የነሐሴ ጎርፍ አልፎ፣ የቆፈርናቸው ጉድጓዶች ውሃ አቁረዋል። አንድ ጠዋት ከአንዱ ኩሬ ዳር ዶሮ የሚያህል ወፍ ቆሞ አገኘን። ነጭ ነው፤ ጀርባው ጥቁር፤ እግሩ ረጅም፤ መንቁሩ እንደ ጉጠት ወፍራም። ያደግሁት ሐረማያ ሐይቅ ዳር ስለሆነ፣ የወፍ ነገር ሲነሳ ዳኛው እኔ ነበርኩ። «የሐረማያ ወፍ ነው» አልኩ። እውነቱን ለመናገር እንዲያ ያለ መንቁር አይቼ አላውቅም። ግን አንዴ ተናግሬያለሁ።

አብዲ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፤ የባቡር ፍሬን ያዥ ነው፣ ጅቡቲ ይመላለሳል። ሲመለስ ቴምር ያመጣልን ነበር። የዚያን ዕለት ወፉን ሲያይ ክው አለ።

«አቦ፣ ይሄ የባህር ነው! ጅቡቲ ባህሩ ሲሸሽ ጭቃው ላይ ሸርጣን የሚለቅመው እሱ ነው። ወላሂ!»

«የጅቡቲ ፀሐይ አናትህን መታህ እንዴ?» አልኩት። ጫኞቹ ሳቁ። ሳቃቸው ልቤን ነፋውና፣ «ገብርኤልን፣ የሐረማያ ነው! አንተ ውሸታም!» አልኩ።

በአላህ የማለን ሰው በሰው ፊት ውሸታም ማለት፣ ድሬዳዋ ውስጥ ከጥፊ ይብሳል። አብዲ ቴምሩን አሸዋው ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ሁለት ቀን ጠፋ። ወፉ ትል ብንጥልለት ዞር ብሎም አላየው፤ ከሳ። በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ብቻዬን ኩሬው ዳር ቁጭ ብዬ ሳለ፣ አብዲ እርጥብ ጆንያ ይዞ መጣ። ሰላም አላለኝም።

«ባቡሩን የሚፈትሸው ፊናንስ ጆንያዬ ውስጥ እጁን ሲከት ነከሱት» አለ። «‹ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ኮንትሮባንድ ነው?› አለኝ። ‹የወፍ ራት› አልኩት።»

ሦስት ሸርጣን ለቀቀ። ያ የደከመ ወፍ ሮጦ መጣና አንዱን ያዘ፤ እግሮቹን እየመታ ገነጣጥሎ፣ የቀረውን ዋጠው። እንኳን እኔ ሐረማያም ቢያይ ያፍር ነበር።

አብዲ አጠገቤ ተቀመጠ። «ዋርያ፣ ከእኔና ካንተ ሌላ ያየ የለም። አልናገርብህም» አለኝ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እልኸኛ ነኝ፣ እስከ ዛሬም አለቀቀኝ፤ ግን እልኸኛን በደግነት ሲይዙት መግቢያ ያጣል። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ጫኞቹ ሻያቸውን ሲጠጡ ፊታቸው ቆምኩና፣ «ወፉ የባህር ነው። አብዲ እውነቱን ነው፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

አንዱ፣ «አልሰማንም፣ ድገመው!» አለኝ።

ደገምኩት። መጋላ ገበያ ድረስ እስኪሰማ ደገምኩት።