ያጨበጨብሁበት ግድግዳ

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ጋይንት፣ ንፋስ መውጫ ከተማ፣ አሮጌው አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ነበር። አዳራሹ ፈርሶ በቦታው የሱቅ ሕንፃ ይሠራ ተባለ። አባቴ በወጣትነታቸው የውስጥ ግድግዳውን ሥለውታል፦ የገበያ ቀን፣ ገብስ የተጫኑ አህዮች፣ በገና የያዙ ሽማግሌ። ተማሪ ሳለን ድራማ የምንሠራው በዚያ ሥዕል ፊት ነበር።

እኔ ታሪክ ተምሬአለሁ። ግድግዳው የከተማችን ታሪክ መሆኑን የሚያስረዳ ጽሑፍ አዘጋጅቼ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነበር። አላወጣሁትም። ሰብሳቢው «ተቃውሞ ከሌለ በጭብጨባ እናጽድቀው» ሲሉ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ። በማግስቱ ንጋት ላይ ለትምህርት ወደ ጀርመን ለመሄድ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። አባቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ፤ ስለ አዳራሹ አንድም ቃል አልተነጋገርንም።

እዚህ ከመጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የጋይንት ልጅ ብርድ አይበግራትም ብዬ ነበር። የኛ ብርድ ግን ረፋድ ላይ ይተዋል፤ የዚህ አገር ብርድ ፀሐይ እየበራም ይቆረጥማል። ዳቧቸው ጥቁርና ኮምጣጣ ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ ሳኝከው የገብስ ቂጣ ሊመስለኝ ይልና ይተወዋል። አከራዬ ፍራው ሊንደ፣ ወይዘሮ ሊንደ እንደማለት፣ አንድ ቀን «ጎረቤቶች ስለ አንቺ አቤት ብለዋል» አሉኝ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ድምፅሽ አይሰማም። ሞታ ይሆን ብለው ሰግተው ነው።»

ባለፈው ሐሙስ እሳቸው ወደ ራትሃውስ፣ ማለትም ወደ ከተማው አስተዳደር፣ ስብሰባ ይዘውኝ ሄዱ። ትንሿ ቲያትር ቤታቸው ትዘጋ ወይስ ትታደስ? አንዱ ተነሥቶ ከንቲባዋን ይሞግታል። አንዲት አሮጊት በልጅነታቸው ስለተቀመጡበት ወንበር ብቻ ያወራሉ፤ የሚያስቆማቸው የለም። በመጨረሻ ከንቲባዋ «መዘጋቷን የሚቃወም ሌላ ሰው አለ?» ሲሉ ጸጥ አለ። እጄ ልማዱ ሆኖበት አጨበጨበ። ብቻዬን።

ሰው ሁሉ ዞረ።

«ትዘጋ ማለትሽ ነው?» አሉ ከንቲባዋ።

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምን አጨበጨብሽ?»

«እኛ ጋ ስብሰባ ሲያልቅ ይጨበጨባል።»

«አላለቀም እኮ!»

ተሳቀ። ፍራው ሊንደ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። «በይ፣ አንዴ ድምፅሽ ተሰምቷል፤ ጨርሺው።» ተነሣሁ። በተሰባበረ ጀርመንኛ፣ ለንፋስ መውጫ ሰው ሳልናገር የቀረሁትን ለማያውቁን ሰዎች ተናገርሁ። ውሳኔው ለሌላ ቀን ተላለፈ። ብዙዎች ጨበጡኝ፤ እኔ ግን መንገዱን ሁሉ እያለቀስሁ ተመለስሁ።

በማግስቱ ጠዋት ደወልሁ።

«አባየ፣ ያን ቀን እኔም አጨብጭቤ ነበር።»

«አይቼሻለሁ። ከኋላሽ ነበርሁ። እኔስ ማጨብጨቤን መች ነገርሁሽ?»

«ፈረሰ?»

«ጣራው ሰሞኑን ተነሥቷል። ግድግዳው ግን እንደቆመ ነው። እስከ ክረምት ነዋ፣ ዝናቡ ያጥበዋል።»

«ሄደው በቪዲዮ ያሳዩኝ።»

ስልኩን ይዘው ሄዱ። ባጃጅ ጮኸ፣ አንድ ሰው «እንዴት አደሩ?» አላቸው። ከዚያ ግድግዳው ስልኬን ሞላው። አህዮቹ ደብዝዘዋል፤ በገናው አለ። ያንን ጽሑፍ ከቦርሳዬ አውጥቼ ማንበብ ጀመርሁ።

«ጮክ በይ» አሉኝ አባቴ። «አዳራሹ በር ላይ ሰው ቆሟል፤ ይስማ።»

ጮክ ብዬ ከመጀመሪያው ጀመርሁ።