ግራ እጄ ለጋሽ መኩሪያ ታዘዘች

ዛሬ ከሰዓት ግራ እጄ ቡጢ ጨብጣ እስከ ጆሮዬ ተነሳች!

ላልሰማችሁ፣ የጭንቅላት እጢ በኦፕራሲዮን ካስወጣሁ ወራት አልፈዋል። ሐኪሙ «ቶሎ ወደ ሥራሽ ትመለሻለሽ» ብሎኝ ነበር። እጢው በሰላም ወጣ፤ ግራ እጄ ግን አኮረፈች።

ፊዚዮቴራፒስቷ ብትለምናት፣ ብትቆጣት፣ ወይ ፍንክች። (እኔማ ሰው በሌለበት አልቅሼባታለሁ።)

ዛሬ የድሮ ጎረቤታችን ጋሽ መኩሪያ ሊጠይቁኝ መጡ። በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ጉርድ ሾላ፣ እሁድ እሁድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ መፈክር የሚያሰሙት እሳቸው ነበሩ። ግራ እጁን ጨብጦ ያላነሳ ሰው ወዮለት! እኔም ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጎን ቆሜ፣ እየፈራሁ አነሳ ነበር።

የእጄን ነገር ስነግራቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉና በዚያ በድሮው ድምፃቸው፣ «ጓዶች! ግራ እጃችሁን አንሱ!» አሉ።

ተነሳች።

እህቴ የያዘችውን ትሪ ልትጥለው ምንም አልቀራት። ጋሽ መኩሪያ ራሳቸው ክው አሉ። «ኧረ እኔ ቀልዴን ነው ልጄ!»

«ጋሼ፣ እባክዎ ይድገሙት» አልኳቸው። እንባቸውን እየጠረጉ ደገሙት።

ያኔ በልጅነቴ፣ በልቤ «መቼ ነው አውርዱ የሚሉን?» እያልኩ አያቸው ነበር። ዛሬ «በይ አውርጂያት፣ ትደክምብሻለች» ሲሉኝ እምቢ አልኩ።

እናንተስ? እናንተ የረሳችሁትን ሰውነታችሁ አስታውሶ አስደንግጧችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ። የምመልስላችሁ ግን በቀኝ እጄ ነው፤ ግራዋ ገና አልወረደችም።