ሰላምታው ይቆይ

በዚያ ሐሙስ ጠዋት ኮልፌ ባለው ክሊኒክ የሬዲዮ ክፍል ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የሬዲዮው ሠራተኛ፣ እና ከክሊኒኩ አጥር ጎን ብየዳ ቤት ያላቸው ጎረቤታችን ሐጂ። ጃንሆይ በዙፋናቸው ሳሉ ነው። ክሊኒኩ ስልክ ካልደረሰበት የቆላ ጤና ጣቢያ ጋር የሚገናኘው በዚያ ሬዲዮ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። ልጄ እዚያ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ሆና ተቀጥራለች።

ከዚያ በፊት በነበረው ሐሙስ እሷን ስጠብቅ የሥራ ጓደኛዋ በሬዲዮው ቀረበች። እንደ ወጉ ከሰላምታ ጀመርኩ፤ እንዴት ሰነበታችሁ፣ አየሩ ተስማማችሁ ወይ፣ ውሃውስ፣ አልኩ። ልጅቷም በትሕትና ለሁሉም መለሰች። በመጨረሻ ልጄ ወባ ይዟት እንደተኛች፣ እሷም እያስታመመቻት እንደሆነ ስትነግረኝ ሬዲዮው ይንጨረጨር ጀመር። ምን ያህል እንደጠናባት ሳልጠይቅ ሰዓቱ አለቀ። ሳምንቱን በጭንቅ ገፋሁት።

ሠራተኛው ጩኸቱ አንዳንዴ ከብየዳ፣ አንዳንዴም ከሩቅ መብረቅ እንደሚመጣ ነግሮን ነበር። ሐጂ ይህን ሲሰሙ ሥራቸውን አቁመው፣ የብየዳ ቤቱን ቁልፍ በኪሳቸው ይዘው አብረውን መጡ። ሬዲዮው ሲከፈት ግን ጩኸቱ ያው ነው።

«ይኸው፣ ስሜን በከንቱ አጠፋችሁት» አሉ።

ባለቤቴ ሳቀ። ሠራተኛው ጩኸቱን ማጥፋት ባንችልም በመሀሉ ማለፍ እንችላለን አለኝ። አንዱን ቃል ቢውጠው ሁለተኛው ያመልጣል፤ ስለዚህ አጭር ተናግሬ እንድደግመው፣ ወዲያ ያሉትም የሰሙትን መልሰው እንዲሉት መከረኝ።

«ሰላምታውስ?» አልኩት።

«እናቴ፣ ሰላምታው ይቆይ። መጀመሪያ ጉዳዩን።»

ሰላም ሳይሉ መጠየቅ ነውር መሰለኝ። ከወዲያ አንዲት ሴት ስትጣራ ተሰማ፤ ማን እንደሆነች አልለየኋትም።

«ትኩሳቱ ለቀቀ? ትኩሳቱ ለቀቀ?» አልኩ።

ጩኸት ብቻ። እንደገና ሁለት ጊዜ አልኩት።

«ትኩሳቱ… ለቀቀኝ። ለቀቀኝ፣ እማዬ።»

ልጄ ራሷ ነበረች። ባለቤቴ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ሐጂ ቀስ ብለው አልሐምዱሊላህ አሉ። ሠራተኛው አንድ ደቂቃ እንደቀረን በጣቱ አሳየኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ምግቧን፣ አልጋዋን፣ ሁሉን እጠይቅ ነበር። ያቺ ስታስታምማት የሰነበተችው ልጅም እናት አላት ብዬ አሰብኩና አፌን ወደ ማይክሮፎኑ አስጠጋሁ።

«ጓደኛሽስ ደህና ናት? ጓደኛሽስ ደህና ናት?»