የውኃ ተሸካሚዎቹ አንድ ፊት

ሪፋቃት አባሲ ቀን ቀን የሠርግ መጥሪያ ይሠራል። በአሮጌው ደልሂ፣ ቻውሪ ባዛር ውስጥ፣ ከወረቀት ነጋዴዎቹ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ የሌላውን ሰው ደስታ በኮምፒውተር ያስጌጣል። ወርቃማ ሐረግ፣ ጥንድ ጣዎስ፣ የሙሽራው ስም፣ የሙሽሪት ስም። እሱ ራሱ አላገባም። አንድ ጊዜ የልጅቷ ዘመዶች ሊያዩት መጡና ሻይ ጠጡ፤ «ከሥራ በኋላ ጌም ይሠራል የሚሉት እውነት ነው?» ብለው ጠየቁ። እውነት ነው አላቸው። ዳግም አልመጡም።

ከሥራ በኋላ የሚሠራው ወታደር ነበር። ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ተሰባስበው በአንድ የታወቀ የጦርነት ጌም ላይ የድሮውን የሕንድ ጦር እየጨመሩ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ጭማሪ ተጫዋቾቹ ሞድ ይሉታል። የሚመራው ታንማይ ጎድቦሌ የሚባል የፑኔ ከተማ ሰው ነው። ታንማይ የየጭፍራውን ጉልበትና ዋጋ ይወስናል፤ ሪፋቃት ልብስ ያለብሳቸዋል፣ ፊት ይሰጣቸዋል። በስልክ እንጂ በአካል ተያይተው አያውቁም። የሚከፍላቸውም የለም።

ሪፋቃት የራጅፑት ፈረሰኛ ከጥሩሩ ሥር የሚለብሰውን በጥጥ የተደረተ ካፖርት ሠርቷል። የማራታ እግረኞችን ጠባብ ጥምጣም፣ የቀስተኞቹን የአውራ ጣት ቀለበት፣ ዝሆኖቹ ጥርስ ላይ የሚታሰረውን ስለት ሠርቷል። ይህን ሁሉ የሚቀዳው ከድሮ ሥዕሎች ነበር። በሥዕሎቹ መሐል ንጉሡ አለ፣ ዙሪያውን መኳንንቱ። ሪፋቃት ግን ዓይኑ የሚያርፈው ጥግ ላይ ነው። እዚያ፣ ከፈረሶቹ ሆድ በታች፣ የውኃ አቁማዳ በጎኑ ያንጠለጠለ አንድ ጎባጣ ሰውዬ አይጠፋም።

ሰውዬውን ያውቀዋል። አባቱን ይመስላል።

አባቱ ቡንዱ ሚያ ዕድሜ ልኩን ከመስጊዱ አጠገብ ካለው ጉድጓድ ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች ውኃ ተሸክሟል። የእሱም አባት፣ አያቱም እንዲሁ። በኋላ የኤሌክትሪክ መሳቢያው መጣ፤ ቀጥሎ የታሸገው ውኃ። የሚጠራው ሰው እያነሰ ሄዶ ጨርሶ ጠፋ። ጀርባው ግን እንደ ጎበጠ፣ ወደ ግራ እንዳዘመመ ቀረ። አቁማዳው ቤት ውስጥ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ሽማግሌው ቆዳው እንዳይደርቅ በየሳምንቱ ቅባት ይቀባዋል። ለምን እንደሚቀባው ጠይቆት የሚያውቅ የለም።

ሪፋቃት አንድ ቀን ለታንማይ ደወለ። እርስ በርስ «ባይ»፣ ወንድሜ፣ ይባባላሉ።

«ታንማይ ባይ፣ አንድ ጭፍራ ልጨምር ነው።»

«የአፍጋን ፈረሰኞቹን በለኝና ልሳምህ።»

«ውኃ ተሸካሚዎችን።»

«ይዋጋሉ?»

«አይዋጉም። ውኃ ይሸከማሉ።»

«እና ምን ሊያደርጉልን ነው? ጠላትን ገላውን ሊያጥቡት?»

«ዝሆኑንም ፈረሱንም፣ ሁሉን ሠርቼልሃለሁ። እስከ ዛሬ አንድ ነገር ጠይቄህ አውቃለሁ?»

«እሺ፣ እሺ፣ አትቆጣ። አጠገባቸው የቆመ ወታደር ድካሙ ቶሎ ይለቀዋል እንበል። ይሆናል?»

«ይሆናል።»

«ዋጋቸውስ?»

«ርካሽ አድርጋቸው። ከተወደዱ ማን ይገዛቸዋል? በሁሉም ሠራዊት ውስጥ እንዲገኙ ነው የምፈልገው።»

«ምን ያህል ርካሽ?»

«ከሁሉም ርካሽ።»

ይህን ያለው ሪፋቃት ራሱ ነው። ያስገደደው ሰው አልነበረም።

ጌሙ እንዳይከብድ፣ ለርካሽ ጭፍራ የሚፈቀደው አንድ ፊት ብቻ ነው። በጭፍራው ውስጥ ያለው መቶ ሰው ሁሉ ያንኑ ፊት ይለብሳል። ሪፋቃት የማንን ፊት እንደሚያደርግ ለማሰብ ጊዜ አላጠፋም። በእሑድ ቀን አባቱን ጣራ ላይ አውጥቶ አቁማዳውን ሞላለትና በስልኩ ፎቶ ያነሳው ጀመር።

«ሸሚዜን ላውልቅ?»

«አያስፈልግም፣ አባ። ትንሽ ወደ ግራ ያዘንብሉ።»

«ዘንብዬ ነው የተወለድኩት። ሌላ ትእዛዝ አምጣ።»

«ይራመዱ። እንደ ድሮው።»

ቡንዱ ሚያ ከውኃ በርሜሉ እስከ ልብስ ማስጫው ገመድ ተራመደ፤ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። አረፍ ሲል ጠየቀ፦

«ከእኔ ጋር እዚያ ውስጥ ማን ማን አለ?»

«መቶ ሰው ናችሁ።»

«ሌሎቹ የማን ልጆች ናቸው?»

«ሁሉም እርስዎ ነዎት፣ አባ።»

«ኧረ በአላህ! መቶ ቡንዱ? እናትህ እኮ አንዱንም መቻል አቅቷት ነው የሞተችው።»

ሞዱ ወጣ። ሪፋቃት አባቱን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጦ አንድ ውጊያ ተጫወተለት። ፈረሰኞቹ ከፊት ቆሙ፤ ከኋላቸው መቶ ጎባጣ ሽማግሌዎች አቁማዳ ይዘው ተሰለፉ። ደክሞ የተመለሰ ፈረሰኛ አጠገባቸው ቆሞ ትንፋሽ ይሰበስባል፣ እንደገና ይሄዳል። በማግስቱ ሪፋቃት ሥራ ሲሄድ፣ አባቱ በፀጉር አስተካካዩ በኢስራር ደጃፍ ቆሞ «ከሹሙ ፈረስ ቀጥሎ ያለሁት እኔ ነኝ» ሲል ሰማው።

ብዙ አልቆየም። ተጫዋቾቹ ነገሩን ደረሱበት። በአንድ የፈረሰኛ ጭፍራ ዋጋ ስድስት ጭፍራ ውኃ ተሸካሚ ይገዛል። ከፊት ቢሰለፉ፣ የጠላት ቀስተኞች ፍላጻቸውን በእነሱ ላይ ይጨርሳሉ። ዝሆኖች እነሱን ሲረግጡ ይደክማሉ። ከዚያ በኋላ እውነተኛው ሠራዊት ትኩስ ጉልበቱን ይዞ ይገባል። ትንፋሽ እንዲመልሱ የተሠሩት ሰዎች የፍላጻ ማብረጃ ሆኑ። ሪፋቃት ይህን በተጫዋቾች የኢንተርኔት መድረክ ላይ አነበበና ኮምፒውተሩን ዘጋ። ለአባቱ አልነገረውም።

የነገረው ኢስራር ነው፤ ያውም ደስ ሊያሰኘው ብሎ። ቡንዱ ሚያ አረፋ ተቀብቶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ሪፋቃት አግዳሚው ላይ ተራ ይጠብቃል።

«ቡንዱ ሚያ፣ እርስዎ እኮ የፊልም ተዋናይ ሆነዋል! ከዛሬ ጀምሮ ያለ ፊርማ አልላጭዎትም» አለና ኢስራር ስልኩን ከመስታወቱ ሥር አቆመለት።

ስልኩ ላይ ያለው የባንጋሎር ልጅ ነው፤ ጌሙን እየተጫወተ በኢንተርኔት በቀጥታ ያሳያል፤ ብዙ ተመልካች አለው። «በሉ አጎቶቼ!» ይላል ልጁ እየሳቀ። «ጠምቷችኋል? ፍላጻ ጠጡ! ሂዱ፣ ሂዱ፣ ዝሆኑን እግሩን እጠቡት!» መቶዎቹ ቡንዱዎች አቁማዳቸውን በጎናቸው አንጠልጥለው፣ ወደ ግራ እንዳዘመሙ፣ ወደ ዝሆኖቹ ይሮጣሉ። ይወድቃሉ። ሌላ መቶ ይመጣል። ያው ፊት ነው። ይወድቃል።

«ዝጋው» አለ ሪፋቃት።

ኢስራር ነገሩ የገባው ያኔ ነው። እጁን ወደ ስልኩ ሰደደ።

«ተወው» አለ ቡንዱ ሚያ። አረፋው አገጩ ላይ እየደረቀ እስከ መጨረሻው አየ። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ ሪፋቃትን ፈለገው።

«ውኃውን ለማን ሰጡት?»

«ለማንም፣ አባ።»

«ሳይሰጡ ነው የሚሞቱት?»

«አዎ።»

«ሙሉ አቁማዳ ይዘህ እኮ አትሮጥም» አለ ሽማግሌው። ከዚያ ኢስራርን «ቀጥል እንጂ፣ ቆዳዬ ሊሰነጠቅ ነው» አለው።

ስለዚህ ነገር ሁለተኛ አላነሳም። አቁማዳውን መቀባት ግን ተወ። ሪፋቃት አስተውሎ ነበር፤ ቅባቱን አንስቶ ራሱ ሊቀባው ይችል ነበር፤ አልቀባውም። ምስማሩ ላይ ዕለት ዕለት እየጠነከረና እየነጣ ሄደ።

የርችት በዓሉ ዲዋሊ አልፎ ጭሱ ከተማው ላይ ሲተኛ የቡንዱ ሚያ ደረት አልቻለም። ሆስፒታል አልጋ ጠፋ፤ ኮሪደር ላይ አስተኙት። ሪፋቃት ትንፋሹን ሲሰማ ዋለ። ወደ ማታ ድምፁ ቆመ።

በእነሱ ወገን፣ በውኃ ተሸካሚዎቹ ዘንድ፣ ሰው ሲቀበር አዲሱ አፈር የሚረጨው ከአቁማዳ ነው። ሪፋቃት አቁማዳውን ከምስማሩ አውርዶ ሞላው፤ ሌላ የሚሸከም ዘመድ አልቀረም። መንገድ ላይ ውኃው በእግሩ እየወረደ ሱሪው ከእግሩ ጋር ተጣበቀ። ቆዳው በየእጥፋቱ ተሰንጥቋል። በአንድ እጁ አንዱን ስንጥቅ ሲይዝ በሌላው ይፈሳል። መቃብሩ ዘንድ ሲደርስ የቀረው አፈሩን እንኳ በቅጡ አላረጠበውም። ኢስራር ወጣ ብሎ ከበሩ አጠገብ ካለው ሱቅ የታሸገ ውኃ ይዞ መጣ። ክዳኑን ጠምዝዞ ከፈተና ሰጠው። ሪፋቃት አባቱን በእሱ ረጨው።

በሳምንቱ ለታንማይ ደወለ።

«ሰማሁ፣ ባይ። ነፍሳቸውን ይማር። ከሥራውም ብታርፍ…»

«ውኃ ተሸካሚዎቹን አውጣቸው።»

«ምን?»

«ከሞዱ ውስጥ አውጣቸው።»

«ሪፋቃት፣ ሰው ሞዱን የሚያወርደው እኮ በእነሱ ነው። ቪዲዮዎቹን አላየህም?»

«አይቻለሁ።»

«ዋጋቸውን ልጨምር ብዬ እንኳ የወረደብኝ ስድብ! እናቴን ሳይቀር። ይውጡ ብል ያሳብዱኛል።»

«አባቴ ነው፣ ታንማይ።»

«ምኑ?»

«ፊቱ።»

ከፑኔ በኩል የሞተር ብስክሌት ሲያልፍ፣ ውሻ ሲጮህ ይሰማል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር?»

ታንማይ ሐቀኛ ሰው ነው። «አላውቅም» አለ። ቀጥሎም፦ «አላወጣቸውም፣ ባይ። የምዋሽህ ነገር የለም። ሌሎችም ደክመውበታል፤ አሁን ገና ሰው አወቀን። ፊቱን ግን ቀይረው፤ ፊት ያንተ ሥራ ነው። ከኢንተርኔት አንዱን አንሣና ለጥፍ። በሚቀጥለው እትም በሁሉም ተጫዋች ኮምፒውተር ላይ ይለወጣል።»

ሪፋቃት ፈለገ። የማያውቃቸውን ሽማግሌዎች ፎቶ እያወረደ አየ። አንዱ ጥርሱ ወልቋል፤ አንዱ የልጅ ልጅ ታቅፎ ስለ ነበር ልጁን ቆርጦ ማስቀረት ያስፈልግ ነበር። አንዱን መረጠና ለጠፈው። ጥሩ ገጠመ። የባንጋሎሩ ልጅ በዚያ ሽማግሌ ሲስቅ በሐሳቡ ሰማና ፎቶውን ደመሰሰው። ሌላ ለጠፈ። እሱንም ደመሰሰ። ከሥራ ሁለት ቀን ቀረ፤ የሁለት ሙሽሮች መጥሪያ ዘገየ፤ አለቃው ሰደበው።

በሦስተኛው ቀን ጣራ ላይ ወጣ። ስልኩን የውኃ በርሜሉ ላይ አስደግፎ የተሰነጠቀውን አቁማዳ ባዶውን ትከሻው ላይ አደረገ። ወደ ግራ አዘነበለ። ፊቱን ከየጎኑ አነሣና ከጣራው ሲወርድ የአባቱን አጥፍቶ የራሱን ተካ። ለታንማይ ላከለት።

«ወጣት አደረግካቸው አይደል?» ሲል ታንማይ ጻፈ። «አሪፍ ነው። ማንም አያስተውልም።»

ማንም አላስተዋለም። የባንጋሎሩ ልጅ አሁንም «አጎቶቼ» ይላቸዋል።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ሪፋቃት ሊላጭ ኢስራር ዘንድ ገባ። ኢስራር ደንበኛ ስላልነበረው ስልኩን ያይ ነበር። አረፋውን ሊቀባ ብሩሹን አነሣ፤ ስልኩን አየ፣ በመስታወቱ ውስጥ የተቀመጠውን ሰው አየ፣ እንደገና ስልኩን አየ።

«አንተ ሰውዬ» አለ። «ይሄ አንተ ነህ እንዴ?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን ሆነህ ነው?»

«ፊቱን ባዶ አይተዉትም። የአንድ ሰው ፊት ያስፈልጋል።»

ኢስራር ቀልድ አያልቅበትም፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው በዚያ ነው። አሁን ግን ስልኩን መደርደሪያው ላይ በፊቱ ደፋው። ድምፁን ማጥፋት ስለረሳ ልጁ ከሥር «ሂዱ፣ ሂዱ» እያለ ይስቃል። ኢስራር አረፋውን ቀባ፣ ምላጩን በመሳያው ቆዳ ላይ ሁለት ሦስቴ አፋጨ።

«አገጭህን ቀና አድርግ» አለው።

ሪፋቃት አንገቱን ሰጠው።