አባቴና ያልተቀላቀለው ውሃ

አባቴ ከዱርቤቴ ለሕክምና ባሕር ዳር እኔ ቤት የመጡ ሰሞን ልቤን ውልቅ አደረጉት። ኩላሊታቸው ታሞ ሐኪሙ «ውሃ በብዛት ካልጠጡ ሆስፒታል መተኛትዎ ነው» ብሏቸዋል። እሳቸው ግን የቧንቧውን አንዴ ተጎንጭተው «መድኃኒት መድኃኒት ይላል» አሉና ብርጭቆውን ገፋ አደረጉት። የታሸገ ገዛሁላቸው፤ እሱም የሞተ ውሃ ነው ተባለ። የሚፈልጉት ከዱርቤቴ አጠገብ ወደ ጣና የሚወርደውን፣ ጠጥተው ያደጉትን የዓባይን ውሃ ነው።

እሺ፣ ዱርቤቴ ሰው ልኬ ላስመጣ ብል «ምን አደከመሽ፣ በደጅሽ ያልፍ የለም?» አሉኝ። ዓባይ ጣናን ሳይቀላቀል መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ያልፋል፤ ጀልባ ያለው ሰው መስመሩን አይቶ ይቀዳልሻል ማለታቸው ነው። አገሬው ሁሉ እንዲህ ይላል፤ እኔም በልጅነቴ አምኜው ነበር። አሁን ግን ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም። «አባዬ፣ ጣና ያን ያህል ጥልቅ አይደለም፤ ነፋሱ ሲያምሰው ነው የሚውለው። ደፍርሶ የሚታየው አፈሩ ነው፣ እሱም ገብቶ ይዘቅጣል» አልኋቸው።

«ታዲያ ትናንት ስታነበንቢው ያመሸሽው ምንድን ነው?»

ለካ ሳሎን ተቀምጬ ለክፍል ስዘጋጅ ሰምተውኛል። ትምህርቱ ስለ ውቅያኖስ ጥልቅ ውሃ ጉዞ ነው። በበረዶው አገር ውሃው ሲቀዘቅዝና ጨዉ ሲበዛ ይከብድና ይሰምጣል፤ ከዚያ ወለል ወለሉን ይዞ ከአትላንቲክ ወደ ደቡብ ይወርዳል፣ ወደ ሕንድና ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስም ይዘልቃል። ቅዝቃዜውንና ጨዋማነቱን ይዞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ይጓዛል።

«አንቺ በዓይንሽ ያላየሽው ውሃ ሳይቀላቀል ባሕር ያቋርጣል፤ እኔ ጠጥቼው ያደግሁት ግን አይችልም?»

«እሱም ቢሆን ቀስ በቀስ ይቀላቀላል። እስከዚያ የሚለየው ክብደቱ ነው እኮ፣ አባዬ።»

ሥዕል ሣልሁላቸው። አልበቃ ብሎኝ የቀይ ሥር ውሃ በጨው አክብጄ፣ ንጹሕ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ በጠርዙ በኩል ቀስ ብዬ አፈሰስሁ። ቀዩ ከታች ተኛ። አጎንብሰው አዩትና «ይኸው፣ ዓባይ» አሉ። እኔን ነው ማነቅ።

ከንፈራቸው እየደረቀ ሲሄድ እጄን ሰጠሁ። ዓሣ አስጋሪ ጎረቤታችንን ለመንሁት፤ ከሐይቁ መሀል አንድ ጀሪካን ቀድቶ አመጣልን። አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ አቀረብሁላቸው።

«አፈላሽው? ቅዝቃዜው ነው የሚለየው አላልሽም? ሲሞቅ ጠባዩን ጥሎ የለም እንዴ?»

ደሜ ፈላ። የገዛ ትምህርቴን መልሰው ይወረውሩብኛል። ስለ ሙቀትና ስለ ክብደት እንደገና ልጀምር አፌን ስከፍት፣ የደረቀው ከንፈራቸው መሰነጣጠቁን አየሁ። ነገ ተሸክሜ ሆስፒታል ላስገባቸው ነው።

«በሞቴ፣ አባዬ» አልሁ። «በሞቴ ይጠጡልኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ኩባያውን ተቀብለው እስከ አተላው ጨለጡት።

«ከመጣሁ ጀምሮ ስለ ውሃ ስትነግሪኝ ሰነበትሽ» አሉ አፋቸውን በጋቢያቸው ጠርገው። «በሰው ቤት ሳይለመን የሚጠጣ ማን አለ?»

በሰው ቤት አሉ፣ የእኔን ቤት። ኩባያውን ወስጄ ሁለተኛውን ከቧንቧው፣ እያዩኝ ቀዳሁ። «በሞቴ» አልኋቸው። እሱንም ጠጡት።