በፍሬን ዘይት ውስጥ የተገኘው ውሃ

በክሪ ሰው አያምንም። የአሰበ ተፈሪው የመንግሥት ጋራዥ ዕቃ ቤት ቁልፍ አንገቱ ላይ ታስሮ ያድራል፤ ሚስቱ ሶፊያ እንኳ ነክታው አታውቅም። በ1972 ክረምት ከመቻራ ቡና የጫነ መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ቦይ ገባ፤ የሾፌሩ እግር ተሰበረ። ለመኪናው ከተቀዳበት ጣሳ የተረፈውን የፍሬን ዘይት ቢያሞቁት ውሃ እንዳለበት ታወቀ። በክሪ ጥፋተኛ ፍለጋ አልደከመም። ዘይቱን የሞላው መካኒኩ አጥናፉ ስለነበር ሄዶ ለቀበሌ ጠቆመው። «አሻጥር ነው» ተባለና አጥናፉ ታሰረ።

መጠቆሙ አልበቃውም፤ ማስረጃም አማረው። ቤቱ ሦስት ሳህን ደረደረ፤ በአንዱ ውሃ፣ በአንዱ አጥናፉ የነካውን ዘይት፣ በአንዱ ካልተከፈተ ጣሳ የቀዳውን ንጹሕ ዘይት። የተጨመረው ውሃ ተንኖ የአጥናፉ ዘይት ሲጎድል ለቀበሌው ኮሚቴ ላሳይ ብሎ ልኩን በእርሳስ አሰመረ። በአምስተኛው ቀን የውሃው ሳህን ደርቋል። የአጥናፉ ዘይት ግን አልጎደለም። ንጹሑማ ጭራሽ ከመስመሩ አልፏል።

«ሶፊያ! ማነው ውሃ የጨመረበት?»

«ወላሂ አልነካሁም! ይልቅ ሳህኖቼን መልስልኝ።»

የት አምኗት! ክፍሉን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ከሁለት ቀን በኋላ ሲከፍት ንጹሑ ዘይት አሁንም ጨምሯል። ያኔ ቀልቡ ተገፈፈ። የፍሬን ዘይት የሚሠራበት ግላይኮል የሚባል ፈሳሽ እንደ ውሃ ቶሎ አይተንም፤ ክፍት ከተተወ ደግሞ ከእርጥብ አየር ውሃ ይስባል። በክሪ የፈሳሹን ስም አያውቅም፣ ሥራውን ግን በዓይኑ አየ። አጥናፉ ዘይቱን የቀዳበትን ጣሳ፣ ክዳኑ ቢጠፋበት፣ ክረምቱን ሙሉ በበቆሎ ቆረቆንዳ ወትፎ ያስቀመጠው ራሱ ነበር።

በማግስቱ ሳህኑን ይዞ ቀበሌ ገባና ሁሉንም ተናገረ። ሊቀመንበሩ ሳህኑን አየት፣ እሱን አየት አደረገ።

«ዓይንህን በጨው ታጥበህ፣ ዘይት ከአየር ላይ ውሃ ይጠጣል ትለኛለህ?»

«አላህን፣ ጓድ፣ ራስዎ አስቀምጠው ይዩት!»

«እንዲህ የምትሟገትለት፣ አብራችሁ ብትሠሩት ነው። አስገቡት!»

አጥናፉ የእስር ክፍሉ በር ሲከፈት ቀና አለ። በክሪን ሲያይ ደነገጠ፣ አዘነለትም። ሰሌኑ ላይ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀለት።

«አንተን ደግሞ ማን ጠቆመህ፣ ወንድሜ?»

በክሪ አልተቀመጠም።

«እኔን ማንም አልጠቆመኝ» አለ። «አንተን የጠቆምኩት እኔ ነኝ።»